ዋሲኒ ላይ ሁለት ሰዓት

ስልኬ ሲጮህ ተኝቻለሁ። «ኡኮ ዋፒ?» አለኝ አንድ ወፍራም ድምፅ። የት ነህ ማለት ነው። የጀልባው ካፒቴን ናቸው።

አስጎብኚው ማታ በእንግሊዝኛ የላከልኝ መልእክት «ጀልባው 2:00 ላይ ይነሳል» ይላል። እንግሊዝኛ ነውና ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ነው ብዬ፣ ጠዋቱን በእንቅልፍ ልጨርሰው ነበር። ለካ ሰውየው የጻፈው በእንግሊዝኛ፣ ያሰበው በስዋሂሊ። ስዋሂሊ ደግሞ ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደ እኛ ነው። ከንጋት ይጀምራል። የጠዋቱ አንድ ሰዓት «ሳ ሞጃ»፣ ሁለት ሰዓት «ሳ ምቢሊ»። በዚህ ነገር መሸወድ የሌለበት ሰው ቢኖር ሐበሻ ነው። እኔ ግን ተሸወድኩ።

ያደርኩት ሺሞኒ ነው። ኬንያ ውስጥ፣ ከሞምባሳ ወደ ደቡብ፣ ወደ ታንዛኒያ ድንበር ሲኬድ የምትገኝ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ፊት ለፊቷ ዋሲኒ ደሴት አለች። እርዝመቷ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የመጣሁት ለእሷ ነበር።

ዳር ስደርስ 3 ሰዓት ሆኗል። ባሕሩ የለም! ማታ ጀልባዎቹን ሲያወዛውዝ ያየሁት ውሃ ርቆ ሄዶ፣ ያንን ሁሉ ቦታ ጭቃማ አሸዋና ድንጋይ ይዞታል። ጀልባችን ወዲያ ማዶ ትንሽ ሆና ትታያለች። ካፒቴኑ ስድሳ የተሻገሩ ይመስላሉ። ለታላቅ ሰው እንደሚባለው «ሺካሞ» አልኳቸው። «ማራሃባ» አሉኝና፣ ስለ ማርፈዴ አንድም ቃል ሳይናገሩ ለስልኬ የሚሆን ፌስታል ሰጡኝ። ጫማህን እንዳታወልቅ ብለው ወደ እግሬ ጠቆሙ። ድንጋዩ መሐል ጥቁር እሾኻቸውን የቀሰሩ ጃርት መሰል ነገሮች ተጋድመዋል። ሱሪዬን ጠቅልዬ ተከተልኳቸው።

መንገድ ላይ አስረዱኝ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ባሕሩ ከወትሮው የበለጠ ይሞላል፣ ከወትሮው የበለጠም ይሸሻል። «ባምቩዋ» ይሉታል። በዚህ የባሕር ዳርቻ ልዩነቱ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። አንድ ፎቅ በሉት። ሁለት ሰዓት ላይ ብመጣ ኖሮ ውሃው ከጉልበቴ አያልፍም ነበር፤ ጀልባዋም ቅርብ ትሆን ነበር። አሁን ወገቤ ድረስ ገብቼ ነው የተሳፈርኩት።

ጥሩነቱ፣ ባሕሩ መሸሹ ለሄድንበት ጉዳይ ተስማማን። ዋሲኒን ዞረን ኪሲቴ ደረስን። ኪሲቴ የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ 28 ስኩዌር ኪሎ ሜትር። እዚህ ዓሣ ማጥመድ ፈጽሞ ክልክል ነው። አጠገቡ ያለው ምፑንጉቲ ጥብቅ ክልል ግን በባህላዊ መንገድ ማጥመድን ይፈቅዳል። ውሃው ሲጎድል ኪሲቴ ላይ ነጭ የአሸዋ ጉብታ ብቅ ይላል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይሰምጣል። ላዩ ላይ ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ፣ ማን ይቀራል።

ዋና ብዙም አልችልም። ጃኬቱን አጥብቄ፣ መነጽሩን አድርጌ ፊቴን ነከርኩ። መነጽሩ ያስገባል። ሁለቴ አውልቄ አራገፍኩ። በሦስተኛው አየሁ። የአጋዘን ቀንድ የመሰለ ኮራል አለ፤ የተቦጫጨረ ጭንቅላት የመሰለ አለ። ድንጋይ ይመስላል እንጂ የእልፍ አእላፍ ጥቃቅን እንስሳት ቤት ነው። ቀለማቸውንም አብዛኛውን ምግባቸውንም የሚሰጣቸው ውስጣቸው የሚኖር አልጌ የሚባል ደቂቅ፣ ዕፅ መሰል ነገር ነው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌውን ያስወጡታል። ያኔ ይነጣሉ፣ ሙቀቱ ከቆየ ይሞታሉ። በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ኮራል በዚህ ክፉኛ ተመቷል። ካፒቴኑ ያንን ዓመት ያስታውሱታል። «ታች ሁሉ አጥንት መስሎ ነበር» አሉኝ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ድምፁ ነው። ባሕር ውስጥ ዝም ያለ መስሎኝ ነበር። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው አጠገቤ ያለ ይመስል። ዞር ስል አንድ አረንጓዴና ሮዝ ዓሣ፣ አፉ የበቀቀን የመሰለ፣ ኮራሉን እየፋቀ ይበላል። የዋጠውን ድንጋይ ፈጭቶ ከኋላው አሸዋ አድርጎ ይበትነዋል። ያ ፎቶ የተነሳሁበት ነጭ አሸዋ ጥቂቱ የእሱ ሥራ ነው ማለት ነው። ይህን ለካፒቴኑ ስነግራቸው ድሮ እንደሚያውቁት ሰው ፈገግ አሉ።

ምሳ ዋሲኒ መንደር። በኮኮናት ወተት የተሠራ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሎሚ። ዐቢይ ጾም ላይ ነን። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር እዚያው ለራሴ ፈረድኩ። ንስሐ አባቴ ይህን አያነቡም ብዬ ነው።

ደሴቷ መኪና የላትም። ዕቃ በጋሪ ይገፋል። የቆዩት ቤቶች የተሠሩት ከዚያው ከኮራል ድንጋይ ነው። ወንዝም ምንጭም ስለሌለ የዝናብ ውሃ በገንዳ ያጠራቅማሉ። ከመንደሩ ጀርባ የኮራል አትክልት የሚሉት ቦታ አለ። ድሮ ባሕር ሥር የነበረ ኮራል ነው፤ አሁን ግራጫ ድንጋይ ሆኖ ሜዳ ላይ ተገትሯል። በላዩ የእንጨት መተላለፊያ ተዘርግቷል። የሚያስተዳድሩት የመንደሩ ሴቶች ናቸው። ትኬት የቆረጡልኝ እናት ከየት ነህ አሉኝ። ስነግራቸው ሰዓቴን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ስንት ነው አሉ። «ሳ ታኖ» አልኩ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነውና። ሳቁብኝ። ታኖ አምስት ነው። «ሳ ኩሚ ና ሞጃ» ብለው አረሙኝ። ይኸው እንግሊዝኛው በእኔም ገባ። ለሰዓቱ ለራሱ አልነበረም የጠየቁኝ፤ ወደ ድንጋዮቹ አመለከቱ። ጠዋት የሸሸው ባሕር በማንግሮቩ፣ ጨው ውሃ ውስጥ በሚበቅለው ዛፍ፣ መሐል ሹልክ ብሎ ገብቶ፣ የእንጨቱ እግር ሥር እየተንቦጫረቀ ነው።

እዚያው አደርኩ። ማታ ከአስጎብኚው መልእክት መጣ፦ «የነገ መመለሻ 4:00»። የማን አራት? ለካፒቴኑ አሳየኋቸው። ስልኩን ትተው ጨረቃዋን አዩ። በጠዋቱ አራት ሰዓት ከሆነ ውሃው ሄዷል፤ ዛሬ ከሸሸበት ሰዓት ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል እንጂ ነገም አይቀርለትም።

«ሳ ኩሚ ና ምቢሊ» አሉኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት።

በአሥራ አንዱ ተነስቼ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው። ባሕሩ ነበር።