ፓርክ ስትሄዱ አያት ይዛችሁ ሂዱ

ልጆች ብቻ ይዞ ትልቅ ፓርክ የሚሄድ ሰው የትኬቱን ግማሽ ብር ሜዳ ላይ በትኖ ነው የሚመለሰው። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ባለፈው ጥር፣ ልጆቹ የሴሚስተር እረፍት ላይ እያሉ፣ ከደብረ ብርሃን ተነስተን አዲስ አበባ አንድነት ፓርክ ደርሰን መጣን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆች፣ ከዚያ ደግሞ እማዬ። ከሁላችንም ትኬት ዋጋውን ያወጣው የእማዬ ነው።

መጀመሪያ ግን ቤት ውስጥ ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ትልቁ ልጅ ቢሾፍቱ ያለውን የኩሪፍቱን የውሃ ፓርክ ቲክቶክ ላይ አይቶ ልቡ እዚያ ቀርቷል። ተንሸራቶ ውሃ ውስጥ ጧ ማለት ማን ይጠላል? ነገር ግን ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቢሾፍቱ ከዚያ ወዲያ ሌላ 50 ገደማ። ለደርሶ መልስ ይከብዳል። ደግሞስ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቅ የዋለ ልጅ ማታ ስንመለስ መንገድ ላይ ያለችው ጫጫ ከተማ ላይ የጥር ብርድ ሲቀበለው ምን ሊሆን ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያመረተውን ሁሉ ብትደርብለት አይሞቀውም።

እንጦጦ ፓርክም ተነስቶ ነበር። ፈረስ አለ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ መብረር አለ፣ የትንንሽ መኪና ውድድር አለ። ጥሩ ቦታ ነው፣ አልቃወምም። ግን አብዛኛው ሰው እንጦጦ የሚወጣው ንጹሕ አየርና ባሕር ዛፍ ፍለጋ ነው። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ የምንኖር ሰዎች ብርድና ባሕር ዛፍ ለማየት ያን ሁሉ መንገድ የምንሄድበት ምክንያት አልታየኝም።

ባለቤቴ "ምኒልክ ግቢ ያለው አንድነት ፓርክስ?" ስትል ከጓዳ ድምፅ መጣ።

"ማን ነው ምኒልክ ግቢ የሚሄደው?"

እማዬ ነች። በዚያው ተወሰነ።

እማዬ ትውልዷ አንጎለላ ነው። አፄ ምኒልክም ነሐሴ 12 ቀን 1836 የተወለዱት እዚያው አንጎለላ ነው። ስለዚህ ስለ እሳቸው ስታወራ ስለ ጎረቤት ልጅ የምታወራ ነው የሚመስለው። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ አፄ ቴዎድሮስ በልጅነታቸው ወደ መቅደላ እንደወሰዷቸው፣ በ1857 ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ እንደገቡ፣ አንኮበር ላይ እንዴት እንደነገሡ፣ ሁሉንም ትናንት የሆነ አስመስላ ነው የምትነግርህ። ያላየችው አዲስ አበባ የኖሩበትን ቤት ብቻ ነበር። ማንስ አይቶት? ግቢው በመስከረም 2012 ፓርክ ሆኖ እስኪከፈት ድረስ እንደኛ ያለው ሰው አጥሩን ብቻ እያየ ነበር የሚያልፈው።

ሚኒባሱን ኮንትራት ይዘን ለንጋት 11 ሰዓት ቀጠርን። ሹፌሩ በሰዓቱ ደረሰ። የፊት መስታወቱ ላይ ግን ውርጭ ተጋግሮበት ስለነበር ባገለገለ መታወቂያ እየፋቀ ትንሽ አቆየን። እማዬ ነጭ ለብሳ፣ ጋቢዋን ደርባ፣ ጓዟን ይዛ ወጣች። ድፎ ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቆሎ በፌስታል፣ ሻይ በፔርሙስ። ከዳቦው ጎን ደግሞ ቢላዋ፤ ያውም የሥጋው ቢላዋ።

"እማዬ፣ ቤተ መንግሥት እኮ ነው የምንሄደው! በፍተሻ ነው የሚገባው!"

"ታዲያ ዳቦውን በጥርሴ ልቁረሰው?"

ዳቦው ለገጣፎ ላይ መኪና ውስጥ ተቆረሰ፣ ቢላዋው ከሹፌሩ ጋር ቀረ። ከዚያ በፊት ግን ጫጫ ስንደርስ መኪናው ቀስ እንዲል አዝዛ፣ ወደ አንጎለላ በኩል ተሳልማ፣ "እዚያ ነው የተወለዱት፣ እኔም እዚያ ነኝ" ብላ ለልጆቹ አሳየቻቸው። ትንሿ፣ ሚጣ የምንላት፣ "አብራችሁ ነው የተወለዳችሁት?" አለቻት። ሹፌሩ እስከ ሸኖ ድረስ ሲስቅ ነበር። ሸኖ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የሸኖ ለጋ ቅቤ ሳይገዛ አይታለፍም ተባለ። በስንት ልመና "እማማ፣ ሲመለሱ ይገዛሉ" ብሎ ሹፌሩ አስጣለን።

አዲስ አበባ እንደገባን በቀጥታ ወደ ፓርኩ አልሄድንም። እማዬ መጀመሪያ በዓታን ካልተሳለምኩ አለች። ልክ ነበረች። ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ናት፤ አፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ያረፉት እዚያ ነው። ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ ባለቤቱን ሰላም ትላለህ አይደል? የእማዬ ሐሳብ እሱ ነው። ልጆቹ ፊታቸውን አጨፍግገው ቆሙ፤ የፓርኩ አንበሳ ይሄድባቸው ይመስል።

ስለ ፓርኩ ግቢ ብዙ አላወራም፤ ፎቶውን ሁላችሁም አይታችሁታል። አበባው ያምራል፣ መንገዱ ንጹሕ ነው፣ ዳገትና ደረጃ ግን አለው፤ ይህን እወቁ። እግሩን የሚያመው ሰው ይዛችሁ ከሆነ በጠዋት ጉልበት ቤቶቹን ጨርሱ፣ እንስሳቱን ወደ ኋላ አቆዩአቸው። አንበሳ የትም አይሄድም።

እንግዲህ ዋናው ነገር የጀመረው የግብር አዳራሹ ውስጥ ነው። ትልቅ ነው። በእኛ አገር ድንኳን ለለመደ ሰው ጣሪያውን ቀና ብሎ ማየት ብቻ አንገት ያማል። ትልቁ ልጅ በስልኩ አንድ ሁለት ፎቶ አንስቶ "እሺ፣ ቀጥሎስ?" አለ። እሱ ያየው ባዶ አዳራሽ ነው። እማዬ ግን መሐሉ ላይ ቆማ አስጎብኚውን ጠራችው።

"የኔ ልጅ፣ ድኃው የሚገባው በየትኛው በር ነበር?"

ልጁ ትንሽ አሰበ። ስለ አዳራሹ አሠራር ሲያስረዳ ነበር፤ ስለ ድኃው በር የጠየቀው ያለ አይመስለኝም። እሷ መልስ አልጠበቀችም፣ ራሷ ቀጠለች። ግብር እንዴት እንደሚገባ ተናገረች። መጀመሪያ መኳንንቱና መሳፍንቱ እንደ ማዕረጋቸው እንደሚቀመጡ፣ እነሱ ሲነሱ ሌላው፣ ከዚያ ወታደሩ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ በተራ እስከ ነዳያን ድረስ እንደሚዘልቅ፣ ብርንዶው በተሸካሚ ትከሻ ላይ ሆኖ በመሐል እንደሚያልፍ፣ ጠጁ እንዴት እንደሚቀዳ። የአያቷ አባት በልቶ እንደሚያውቅ ጨመረችበት። ይሄኛውን እኔ በሙሉ ልቤ አልመሰክርም። በእኛ አካባቢ ቅድመ አያቱ የምኒልክን ግብር ያልበላ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ። ግን እጇን እየዘረጋች "እዚህ ጋ ጋሻ ጃግሬው፣ እዚያ ጋ አዝማሪው" ስትል ባዶው አዳራሽ ሰው ሞላው። ቀና ስል የማላውቃቸው የሌላ ሰው ልጆች ከበዋታል። አንዲት እናት ቪዲዮ ትቀርጻለች። አስጎብኚውም እጁን አጣምሮ ይሰማል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ አላቋረጣትም። ትልቁ ልጄም ስልኩን ኪሱ ከቷል።

ይህን ነው የምላችሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጽሑፍ ተለጥፏል፣ አስጎብኚ አለ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ልጅ ግን የተለጠፈ ጽሑፍ አያነብም። የራሱ አያት ስትናገር ነው የሚሰማው።

ዙፋን ቤቱ ውስጥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቁመታቸው ልክ ተሠርተው ተቀምጠዋል። ሚጣ አይታቸው ከአያቷ ነጠላ ኋላ ተደበቀች። "ዓይናቸው አይርገበገብም" አለች በሹክሹክታ። እማዬ "አይዞሽ፣ የተሠሩ ናቸው" አለቻት፤ እንዲህ እያለች ግን እሷው ራሷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። አየኋት። እንዳየኋት አይታ ነጠላዋን አስተካከለች።

ከዚያ ምድር ቤቱ። እዚህ ላይ ልጆች ይዞ መግባት አለመግባት የየቤቱ ውሳኔ ነው። እኛ ገባን። ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት ያሰረው በዚያ ነው። ከነሱ መሐል ብዙዎቹ ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ከሌሎች ጋር ተረሽነዋል፤ በድምሩ 60 ሰው ገደማ። እስከዚያ ድረስ ስታወራ የቆየችው እማዬ አፏ ተያዘ። ግድግዳውን በመዳፏ ነካ አደረገችው። በኋላ ስትነግረን ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ስማቸው በራዲዮ ሲነበብ አማቷ የያዙትን ስኒ አስቀምጠው ወደ ውጭ ወጡ፣ እስኪመሽ አልተመለሱም። ይህን ታሪክ በዚህ ዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም። እንግዲህ እዚያ ቤት ባትገባ ኖሮ መቼ ነበር የምትነግረን?

ትልቁ ልጅ "ንጉሡስ የት ሞቱ?" አለ።

"እዚሁ ግቢ።"

አጽማቸው በ1984 ከዚሁ ግቢ ተቆፍሮ ወጥቶ በ1993 ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እንዳረፈ ነገርኩት። ላይ ቤት ወደተቀመጡት ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ በኋላ እስከ አንበሳው ድረስ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ነበር።

አንበሳውማ ተኝቷል። ሙሉ በሙሉ፣ ጭራው እንኳ ሳይነቃነቅ። ሚጣ እጇን እያጨበጨበች ቀሰቀሰችው፣ የት ሊሰማት። "ጣርማበር ያሉት ጭላዳዎች ይሻላሉ" ብላ ፈረደች። እውነቷን ነው ለማለት ይቃጣኛል። ጭላዳ የሚባለው ዝንጀሮ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፣ እኛ ደግሞ ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ገደሉ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ በነጻ እናየዋለን። የአንበሳው ጎፈር ግን፣ ያ ጥቁሩ፣ ተኝቶም ቢሆን ያስፈራል።

ልጆች ልጆች ናቸውና ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ተባለ። ከተማ ውስጥ ካሉት መጫወቻ ቦታዎች ወደ አንዱ ገባን፤ ስሙ ይቅር። እርስ በርስ የሚጋጩት ትንንሽ መኪኖች ላይ ትልቁ ልጅ እኔን እያሳደደ አናቴን አዞረው። ባለቤቴ ከሚጣ ጋር ሰው ጭኖ ወደ ላይ የሚሽከረከረው ትልቁ ጎማ ላይ ወጣች። ጫፍ ላይ ሲደርሱ መብራት ሄደ።

ቆመ። ልክ ጫፉ ላይ። ሠራተኞቹ "ጄኔሬተር ይነሳል፣ ይነሳል" ይላሉ፤ ጄኔሬተሩ ያስላል፣ አይነሳም። ሚጣ ከላይ "አባዬ፣ ሁሉም ነገር ይታያል!" እያለች ትጮሃለች። ባለቤቴ ድምፅ የላትም። የያዘችውን ብረት ከታች ሆኜ እንኳ ሳየው ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። እማዬ መሬት ላይ ቆማ ለሁሉም ቅዱሳን በተራ ተሳለች፤ ለሚካኤል ጃንጥላ፣ ለገብርኤል ሻማ፣ ለማርያም ደግሞ ሳይነገረኝ በኔ ስም በግ። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ጎማው መዞር ጀመረ። ባለቤቴ ወርዳ መጀመሪያ የተናገረችው "ውሃ ስጡኝ" ነው። ሁለተኛው "ማን ነው እዚህ ያመጣን?" ነበር። ሁላችንም ትልቁን ልጅ አየን።

ሸኖ ስንደርስ መሽቶ ቅቤ ሻጮቹ ገብተዋል። ይህ ነገር እስካሁን ይነሳብናል።

የሚቀጥለው ጉዞ ከወዲሁ ክርክር ላይ ነው። ትልቁ ልጅ ቢሾፍቱን አልተወም፤ ወሩን ወደ ግንቦት አሻሽሎ፣ ብርዱ ሲያልፍ ብሎ መጣ። እማዬ በበኩሏ አንኮበር ትላለች፤ መጨረሻውን አይተናል፣ መጀመሪያውን ደግሞ እናሳያቸው ባይ ናት። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ቅቤም መንገድ ላይ ይገኛል። እኔ ድምፄን ለአንኮበር ሰጥቻለሁ። ባለቤቴ ምንም የሚሽከረከር ነገር እንደሌለ ሦስቴ ካስማለችኝ በኋላ ከእኛ ጋር ሆናለች። የሚጣ ድምፅ ገና ነው፤ ጭላዳ ካለ እሄዳለሁ ብላለች፣ አለ ብያታለሁ።