የእህቴ 16.4

ታናሽ እህቴ ወረቀቱን ይዛ ስትገባ እናታችን ቡና እየቆላች ነበር። እህቴ ያን ጊዜ የ18 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት። «እትዬ፣ እንቅርት አለብሽ አሉኝ» ከማለቷ እናታችን ምጣዱን ከከሰሉ ላይ አውርዳ ተነሣችና የእህቴን አንገት በሁለት እጇ ዳሰሰች። እናቴ እንቅርትን የምታውቀው ከወረቀት አይደለም። ጎጃም ያደገችው አያታችን አንገቷን ዙሪያውን የተነቀሰችው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ንቅሳቱ እንቅርቷን ያጠፋል ተብሎ ነበር። እንቅርቷ ግን አብሯት ኖሮ አብሯት ተቀበረ።

እኔ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ በዚህ ሥራ ላይ 14 ዓመት ሆኖኛል። ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ቲኤስኤች፣ ማለትም የታይሮይድ ዕጢን «ሥሪ» ብሎ የሚያዝዘው ሆርሞን፣ 1.4፤ ደህና ነው። ከዕጢዋ ሆርሞኖች አንዱ የሆነው ቲ-3 ከመደበኛው ጥቂት ከፍ ብሏል። ቲ-4 ደግሞ 16.4 ይላል፤ ከጎኑ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ተሰምሮበታል፤ መደበኛው ከ5 እስከ 12 ነውና። ከጀርባው የመድኃኒት ማዘዣ ተያይዟል፦ ፕሮፒልታዮዩራሲል። የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን እንዳያመርት የሚገታ መድኃኒት ነው።

«ገዝተሽዋል?»

«ነገ ጠዋት ልገዛ ነው።»

«ሐኪምሽን ሳናገኝ እንዳትገዢ። ጠዋት አብረን እንሄዳለን።»

ያን ምሽት ለእናቴና ለእህቴ የነገርኳቸውን እዚህም መጻፍ ፈለግሁ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው የሚጨነቁ ሴቶች በየጊዜው ይገጥሙኛል።

ቲ-4 ማለት ታይሮክሲን ነው። አንገታችን ላይ ያለው ዕጢ አዮዲንን ከምግብ ወስዶ ይሠራዋል፤ በእያንዳንዱ ታይሮክሲን ውስጥ አራት የአዮዲን አቶሞች አሉ፤ የቁጥሩም ትርጉም ይኸው ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ኤድዋርድ ኬንዳል ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1914 በገና ቀን ነበር። ይህ ሆርሞን አንድ ጠባይ አለው፦ ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። ሊጓዝበት የሚገባው የደም ፈሳሽ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ የሚሸከሙት ፕሮቲኖች ያስፈልጉታል፤ እነርሱን የሚያዘጋጅለት ጉበት ነው።

እናቴ እንድትረዳው የሰርግ ድንኳን አስታወስኳት። የወጡ ድስት ከጓዳ ወጥቶ በራሱ አይዞርም፤ አሳላፊ ይፈልጋል። በደማችን ውስጥ የታይሮክሲን ዋና አሳላፊዎች ሦስት ናቸው። ትልቁን ሸክም የያዘው ታይሮክሲን ያዥ ግሎቡሊን የሚባለው ነው። ብዛቱ ትንሽ፣ አያያዙ ግን ጠንካራ ነው፤ አንዱ ሞለኪውል የሚይዘው አንድ ሆርሞን ብቻ ሲሆን፣ በደም ውስጥ ካለው ታይሮክሲን ሦስት አራተኛ ያህሉ በእርሱ እጅ ነው። ሁለተኛው ትራንስታይሬቲን ነው፤ ቫይታሚን ኤን ከሚሸከመው ፕሮቲን ጋርም ተጣምሮ ይሄዳል፤ አንጎል ውስጥም ይመረታል። ሦስተኛው ሁላችንም የምናውቀው አልቡሚን ነው። በክብደት ከመጀመሪያው ከሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል፤ ግን ሆርሞኑን ላላ አድርጎ ስለሚይዘው ቶሎ ይለቀዋል።

ከ10,000 የታይሮክሲን ሞለኪውሎች ውስጥ ያልተያዙት፣ ነጻ ሆነው የሚገኙት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው። ወደ ሕዋስ የሚገቡት እነዚህ ናቸው። ከአንጎል ሥር ያለችው ዕጢ ሆርሞኑ በቃ ወይስ አነሰ ብላ ቲኤስኤችን የምትጨምረውና የምትቀንሰውም እነዚህን አይታ ነው። የእህቴ ወረቀት ላይ ያለው 16.4 ግን የተያዘውንም ነጻውንም አንድ ላይ የደመረ ቁጥር ነው። ስለዚህ አሳላፊው ሲበዛ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ሕዋሶቹ ዘንድ የሚደርሰው ግን ያው ነው።

ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ ነጻው ብቻ ከሠራ የተያዘው ሁሉ ለምን አስፈለገ? ጥያቄውን እወደዋለሁ። አንደኛ፣ የተያዘው ጎተራ ነው። ታይሮክሲን በደም ውስጥ ግማሽ ለመሆን ሰባት ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ የታይሮይድ እንክብል የሚወስድ ሰው አንድ ቀን ቢረሳ ወዲያው የማይታመመው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስደንቀኛል። በ1987 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የአይጥ ጉበት ወስደው ጨረር በሚያወጣ ምልክት የተደረገበት ታይሮክሲን አሳለፉበት። ፈሳሹ ፕሮቲን ያልነበረው ጊዜ ሆርሞኑን መግቢያው አጠገብ ያሉት ሕዋሶች ጨርሰው ወሰዱት፤ ከኋላ ያሉት ምንም አልደረሳቸውም። ፕሮቲን ሲጨመርበት ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሕዋስ እኩል ተዳረሰ። እናቴ ይህን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። አሳላፊ የሌለበት ድግስ ላይ በር አካባቢ የተቀመጠው ጠግቦ ሲነሣ ከድንኳኑ ጥግ ያለው ጾሙን እንደሚያድር ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የሰፈሩን ሰርግ ሁሉ የምታስተናብረው እርሷ ናት።

ወደ እህቴ ልመለስ። በእርግዝና ጊዜ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይጨምራል። ያን ጊዜ ጉበት የሚያወጣው ታይሮክሲን ያዥ ግሎቡሊን ላይ ያሉት የስኳር ሰንሰለቶች ይለወጣሉ፤ በዚህም የተነሣ ፕሮቲኑ ከደም ቶሎ አይወገድም፤ መጠኑም ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያድጋል። አዲሶቹ እጆች ነጻውን ሆርሞን መያዝ ሲጀምሩ ዕጢዋ ጥቂት ጨምራ ታመርትና የጎደለውን ትሞላለች። ነጻው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ጠቅላላው ግን ከፍ ብሎ ይቆያል። ከ16ኛው ሳምንት በኋላ የጠቅላላው ቲ-4 መደበኛ መጠን እርጉዝ ካልሆነች ሴት አንድ ተኩል እጥፍ ነው ተብሎ ይታሰባል። 12 በአንድ ተኩል ሲባዛ 18 ነው። የእህቴ 16.4 ከዚያ በታች ነው። ቲኤስኤች 1.4 መሆኑም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ሆርሞኑ በእውነት በዝቶ ቢሆን ኖሮ ቲኤስኤች ወደ ዜሮ ይጠጋ ነበር።

ያ መድኃኒት ቢዋጥ ግን በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፋል። ፅንሱ ደግሞ የራሱን ዕጢ ገና ማሠራት የጀመረበት ወቅት ነው። ይህን ሳስብ አሁንም እጄ ይቀዘቅዛል።

ተቃራኒውም ይደርሳል። ከዓመታት በፊት የአንድ ጤነኛ ወጣት ቲ-4 እጅግ ዝቅ ብሎ ወጣብኝ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ናሙናውን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ቲኤስኤቹም ነጻው ቲ-4ም ደህና ነበሩ። ታይሮክሲን ያዥ ግሎቡሊን በተፈጥሮ የሌላቸው ሰዎች አሉ፤ ዘረ መሉ ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ በይበልጥ የሚታየው በወንዶች ነው። በሽታ አይደለም፤ ሕክምናም አያስፈልገውም።

ለአንዳንዶች ግን ነገሩ አሳሳቢ ነው። ዕጢዋ የወጣላት ወይም የደከመባት፣ በእንክብል የምትኖር ሴት ስታረግዝ የጎደለውን የሚሞላላት ዕጢ የላትም። የእንክብሏ መጠን ብዙ ጊዜ መጨመር አለበት፤ ማርገዟን እንዳወቀች ያኔውኑ ለሐኪሟ ልትነግረው ይገባል። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል መውሰድ ስትጀምርም እንዲሁ።

በማግስቱ ሐኪሙ ወረቀቱን እንደገና አየና የምርመራ መጠየቂያውን አስመጣ። «ነፍሰ ጡር» የሚለው ሳጥን ባዶ ነበር። እህቴን ደም የቀዳላት ባለሙያ አልጠየቃትም፤ እርሷም የሚጠየቅ አልመሰላትም፤ ሐኪሙም ሰፊ ቀሚሷን እንጂ ሆዷን አላየም። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለታይሮይድ ምርመራ የሚመጡትን ሴቶች ሁሉ ክንዳቸውን ከማሰሬ በፊት እጠይቃለሁ፦ «ነፍሰ ጡር ነዎት? የወሊድ መቆጣጠሪያ ይወስዳሉ?» መልሱንም መጠየቂያው ላይ ጎላ አድርጌ በቀይ እጽፋለሁ። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ማዘዣ ተቀብሎ በሁለት መስመር ሰረዘውና ከአራት ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች እንዲደገም አዘዘ።

ቤት ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር።

«እንቅርት የለባትም?»

«የለባትም፣ እማዬ።»

ምንም አልመለሰችም። የእህቴን አንገት አንድ ጊዜ ዳሰሰችና ገብታ ትናንት በግማሽ የተወችውን ቡና እሳት ላይ ጣደችው።