ወንድሜ፣ ከነሾፌሩ ተከራይ

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲቃረብ ከውጭ የሚደወልልኝ ስልክ ሁሉ ስለ መኪና ነው። ደብረ ብርሃን ስለምኖር ነው መሰለኝ፣ ለእረፍት የሚመጣ ዘመድ ሁሉ የኪራይ መኪና ፈልግልኝ የሚለው እኔን ነው። ደላላ አይደለሁም፤ ኮሚሽንም በልቼ አላውቅም። (ቢሰጡኝ እምቢ እንደማልል ግን ይታወቅልኝ።)

ዘንድሮ የደወለው የአክስቴ ልጅ ነው፣ ከአሜሪካ። እዚያ የለመደው ሌላ ነው። በስልኩ ያዝዛል፣ በካርዱ ይከፍላል፣ ኤርፖርት ሲደርስ ቁልፉን ተቀብሎ ይሄዳል። «ራሴ እነዳለሁ፣ ሾፌር ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። ከነሾፌሩ ተከራይ አልኩት።

መንዳት አይችልም ብዬ አይደለም፤ በበረዶ ላይ የሚነዳ ሰው ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ አለ። እዚያ የሚያወጣው ኢንተርናሽናል መንጃ ፈቃድ የዋናው ትርጉም እንጂ ብቻውን መንጃ ፈቃድ አይደለም። የውጭውን በውጭ ጉዳይ አረጋግጦ ወደ እዚህኛው ማስቀየር አለ፤ ለአጭር እረፍት የመጣ ሰው ደግሞ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር ሊከርም ነው? ሳያስቀይር ነድቶ አንድ ነገር ቢገጭ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንኑ መንጃ ፈቃድ ነው።

ነዳጁም አለ። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ነዳጅ የሚከፈለው በሞባይል ነው፣ በቴሌብርና በመሳሰሉት። ዶላር በኪስ ይዞ ማደያ መቆም ዋጋ የለውም። ሰልፉንም ቢሆን ሾፌሩ ይሰለፍልህ፣ አንተ ቡናህን ጠጣ።

ዋናው ግን መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እስከዚህ በኮሮላም ትደርሳለህ። ሸኖን፣ ጫጫን እያልክ ትመጣለህ፣ ብርዱ እየጨመረ መሄዱን ካልሆነ ሌላ ብዙም አይታወቅህም። ከዚህ ወዲያ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ጣርማበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረው ዋሻ እዚያ ነው፣ ጉም ሲወርድበት ከፊትህ ያለው ከባድ መኪና የሚታይህ በመብራቱ ብቻ ነው፣ እሱም መብራቱ የሚሠራ ከሆነ። ዋሻውን ስታልፍ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱ ይጀምራል፣ ጥምዝምዙ አያልቅም፣ ተሳቢውም አይሱዙም ከላይም ከታችም ይመጣል፣ የፍሬን ሽታው መስኮት ዘግተህም ይገባል። የእኛ አገር ሾፌር እዚህ ቦታ በዝቅተኛ ማርሽ ነው የሚወርደው፣ ፍሬኑን የሚነካው ሲያስፈልግ ብቻ ነው። ያንተ ሾፌር እንደዚያ ካላደረገ ሳትሸማቀቅ ተናገረው። ደብረ ሲና ስትደርሱ ቆሎ ግዙ፣ ልጆቹም ትንሽ አየር ይውሰዱ፣ ጥምዝምዙ ሆዳቸውን ሳይረብሸው አይቀርም።

የአክስቴ ልጅ ለልጆቹ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ማሳየት ይፈልጋል፣ ስለዚህ መንዝ ጓሳም ይወጣሉ። ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የማኅበረሰቡ የጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ሲጠብቅ የኖረበት ቦታ ነው፤ ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር የሚታጨደው ማኅበረሰቡ ሲፈቅድ ብቻ ነበር። ለዚያ ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል። ደላሎች አሁን የኤሌክትሪክ መኪና ያቀርባሉ፣ በ2016 ዓ.ም የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በዝቷል፣ ለአዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ነው፣ ርካሽም ነው። መንዝ ላይ ግን ቻርጅ ማድረጊያ ፍለጋ ልትገባ ነው። ይቅርብህ።

ደግሞ ስለ ሰላሙ። ያለፉት ዓመታት ሰሜን ሸዋ ላይ እንዴት እንደነበሩ ውጭ ያለውም ሰምቷል። ዛሬ ክፍት የነበረ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል፣ ይህን ደግሞ ካርታው አይነግርህም። ሾፌሮች ግን ጠዋት ጠዋት ይደዋወላሉ፤ የትኛው ከተማ መኪና ቆሟል፣ የት ማደር ይሻላል፣ ሁሉን ያውቃሉ። ለእኔ ሾፌር የሚከፈለው ለመሪው ሳይሆን ለዚህ ስልክ ነው። «ዛሬ አንሄድም» ካለ አትከራከረው። ማታም አትነዱ።

ውሉ ላይ ደግሞ ዋጋ ስትጠይቅ «ከአዲስ አበባ ውጪ» ብለህ ጠይቅ፣ የከተማው ዋጋ ሌላ ነው። ነዳጁ የማን ነው? የሾፌሩ አበልና መኝታስ? በቀን ስንት ኪሎ ሜትር? መኪናው መንገድ ላይ ቢበላሽ ሌላ ይልካሉ ወይ? ይህ ሁሉ ይጻፍ። አምና አንድ አከራይ ከእኔ በፊት የነበረ ጭረት ሊያስከፍለኝ ሲል ያዳነኝ ስረከብ የቀረጽኩት ቪዲዮ ነው። ቦሎውንና ሦስተኛ ወገኑን መስታወቱ ላይ እየው፣ ስኮርታውን አስወርደህ ንፋስ እንዳለው አረጋግጥ፣ ክሪክም ጠይቅ። የቤት መኪና በደላላ በኩል በርካሽ ሲያመጡልህም ተጠንቀቅ፣ ለግል አገልግሎት የተገባ ኢንሹራንስ ለኪራይ ሲሆን ጣጣ አለው።

አሁን የቀረው ጥያቄ ሾፌሩ ምሳ ከእኛ ጋር ይበላል ወይ የሚል ነው። ይበላል እንጂ! እማዬ ቤት ደርሶ ሳይበላ የሚወጣ ሰው የለም። አረቄውን ብቻ ለሱ እንዳትቀዱለት።