212 ፋይሎችን በማክሮ ስቀይር የገጠመኝ

በቅርቡ 212 የሲኤስቪ ፋይሎችን (እሴቶቻቸው በኮማ የተለያዩ ተራ የጽሑፍ ፋይሎችን) ወደ ኤክሴል ቅርጸት መቀየር ነበረብኝ። አንዱን ከፍቶ፣ ቅርጸቱን መርጦ፣ አስቀምጦ ለመዝጋት ግማሽ ደቂቃ ቢበቃ እንኳ ሁሉንም ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል፤ እጅ ሲሰለች ደግሞ አንዱን መዝለል ወይም በሌላው ላይ ደርቦ ማስቀመጥ አይቀርም። ስለዚህ በኤክሴል ውስጥ ባለው የፕሮግራም ቋንቋ በቪቢኤ አጭር ማክሮ፣ ማለትም ሥራውን በራሱ የሚደጋግም የትእዛዞች ስብስብ፣ ጻፍኩ።

የማክሮው አሠራር ቀላል ነው። «ዲር» የተባለው ተግባር በፎልደሩ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያ ፋይል ስም ያመጣል፤ ፋይሉ ተከፍቶ በአዲሱ ቅርጸት ከተቀመጠና ከተዘጋ በኋላ «ዲር» በባዶ ቅንፍ ሲጠራ ቀጣዩን ስም ይሰጣል፣ ስም እስኪያልቅበት ድረስም ዙሩ ይቀጥላል። ሲቀመጥ የቅርጸቱን ቁጥር መጻፍ ግድ ነው፦ 51 ከኤክሴል 2007 ጋር የመጣው ኤክስኤልኤስኤክስ ሲሆን 56 የድሮው ኤክስኤልኤስ ነው። ቁጥሩን ትቶ የስሙን ቅጥያ (ከነጥቡ በኋላ ያለውን) ብቻ የቀየረ ሰው ውስጡ ሲኤስቪ ሆኖ የቀረ፣ ኤክሴልም አልከፍትም የሚለው ፋይል ይዞ ይቀራል።

ማክሮው ያለ አንዳች ቅሬታ ሥራውን ጨረሰ። ችግሩን ያየሁት ከውጤቶቹ አንዱን ስከፍት ነው። 00731 የነበረው የዕቃ መለያ 731 ሆኗል። ኤክሴል ከቁጥር የሚይዘው 15 አሃዞችን ብቻ ስለሆነ ባለ 16 አሃዙ የሂሳብ ቁጥር የመጨረሻ አሃዙ ወደ ዜሮ ተለውጧል። ከሁሉ የከፋው ግን የቀኑ ዓምድ ነበር፤ ማክሮ ሲኤስቪን ሲከፍት፣ «ሎካል» የሚባለው አማራጭ ካልተሰጠው በቀር፣ ቀንን በአሜሪካ ልማድ ወርን አስቀድሞ ያነባል። ስለዚህ ሚያዝያ 3 (በፈረንጆች አቆጣጠር 4ኛው ወር) ለማለት የተጻፈው 03/04 ወደ መጋቢት 4 ተዛውሮ ከሴሉ ቀኝ ጠርዝ ተሰልፏል፣ 25/04 ደግሞ 25ኛ ወር ስለሌለ ተራ ጽሑፍ ሆኖ በግራ ጠርዝ ቀርቷል። ሁሉም ቢሳሳት ኖሮ ወዲያው ይታወቅ ነበር፤ ከፊሉ ትክክል መምሰሉ ነው የሚያታልለው።

መፍትሔው «ኦፕንቴክስት» በተባለው ትእዛዝ ከፍቶ የትኛው ዓምድ ጽሑፍ፣ የትኛው ቀን እንደሆነ አስቀድሞ መንገር ነው። የፋይሉ ቅጥያ ሲኤስቪ ከሆነ ግን ኤክሴል ይህን መመሪያ ጭራሽ ችላ ይላል፤ እኔም ይህን እስክደርስበት ድረስ ግማሽ ቀን ኮዴን ስጠራጠር ዋልኩ። ስለዚህ ማክሮው እያንዳንዱን ፋይል አስቀድሞ በቲኤክስቲ ቅጥያ ገልብጦ ቅጂውን እንዲከፍት አደረግሁ። ምንጩ የተጻፈበትን የፊደላት ኮድ 65001፣ ማለትም ዩቲኤፍ-8፣ ብዬ ባልወስንለት ኖሮ የአማርኛው ስም ሁሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆን ነበር።

ማስጠንቀቂያ የሚያጠፋውን መስመር ብዙዎች ከማክሮው አናት ላይ ይጽፉታል፤ እኔ ግን ማስጠንቀቂያውን ከማስቀመጫው መስመር በፊት አጥፍቼ ወዲያው መልሼ አበራዋለሁ። ማስጠንቀቂያ ጠፍቶ ሳለ ረድፍ ቢቀር እንኳ የሚነግረኝ ስለሌለ የቅርጸቱን ገደብ አስቀድሜ ማወቅ አለብኝ። የድሮው ቅርጸት በአንድ ገጽ ከ65,536 ረድፍ በላይ አይይዝም፣ አዲሱ 1,048,576 ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ ከላቦራቶሪ የመጡ የኮሮና ምርመራ ውጤቶች ወደ ድሮው ቅርጸት ሲገቡ በዚሁ ገደብ ምክንያት 15,841 በበሽታው የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ቀርተው ነበር።

ይህ ሁሉ ስህተት ከገጠመኝ ወዲህ ማክሮዬ የእያንዳንዱን ፋይል ስም፣ የምንጩን የመስመር ብዛትና የውጤቱን የረድፍ ብዛት በአንድ የተለየ ገጽ ላይ ይመዘግባል። በሁለተኛው ሙከራ 209ኙ ገጠሙ፤ ሦስቱ አልገጠሙም። ከፍቼ ሳያቸው የምንጮቹ መጨረሻ ላይ ባዶ መስመሮች አሉ፤ ስለዚህ የመቀየሪያውን ክፍል ሳልነካ መስመር ቆጣሪውን ብቻ አስተካከልኩ።