ማንም የማይበላው ኬክ

ቤጂንግ የገባሁት በ2016 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ነው፤ የደመራው ጭስ ከነጠላዬ ሳይለቅ። ቻይኖች ደግሞ የጨረቃ በዓላቸው በማግስቱ፣ መስከረም 18 ነበር። በዓሉ በጨረቃ አቆጣጠራቸው በስምንተኛው ወር 15ኛ ቀን ላይ ስለሚውል እንደኛ ፋሲካ ከዓመት ዓመት ይዋልላል። በዚያ ዓመት ሁለተኛው ወር ተደግሞ ስለነበር ዘግየት ብሎ መጣ። ጨረቃንና ፀሐይን ለማስታረቅ በየ19 ዓመቱ ሰባት ትርፍ ወር ያስገባሉ። ባሕረ ሐሳብ የቀመሰ ሰው 19 ሲባል ንዑስ ቀመር ትዝ ይለዋል፤ እኔም አለ አስተማሪ የዘመድ ወሬ የሰማሁ መሰለኝ።

የአክስቴ ልጅ እዚያው ማስተርሱን ይማራል። ክፍሉ ስገባ ሻንጣ የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ጠረጴዛው ላይ፣ አልጋው ሥር፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ቀይና ወርቃማ ካርቶን ተደርድሯል።

«ምነው፣ ነጋዴ ሆንክ እንዴ?»

«ስጦታ ነው፣ እትዬ። የጨረቃ ኬክ። በእናትሽ ብዪልኝ!»

አንዱን ከፈትኩ። ካርቶኑ ውስጥ ሌላ ካርቶን አለ። እሱ ውስጥ በሐር ጨርቅ የተለበጠ መሳቢያ፣ መሳቢያው ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ለብቻው በላስቲክ የታሸገ ስድስት ኬክ። ኬኩ መዳፍ ይሞላል፤ ፊቱ ላይ ጽሕፈትና አበባ በቅርጽ ወጥቶበታል። ሲቆረጥ ከሎተስ ፍሬ የተሠራ ድፍን ያለ ጣፋጭ ልቁጥ ይታያል፤ መሐሉ ላይ በጨው የሰነበተ የዳክዬ እንቁላል አስኳል ተቀምጧል። አስኳሉ ጨረቃዋ ናት። አንዱን ኬክ አራት ሰው በሻይ ተካፍሎ ይበላል፤ ብቻውን የሚጨርስ ሰው ካለ ሐኪም ቢያየው ይሻላል።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ይገዛል፣ ሁሉም ይሰጣል፣ የሚበላው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ለአንዱ ሠርግ የተሰጠ ፔርሙስ ሳይከፈት ለሌላው ሠርግ እንደሚሄደው፣ የጨረቃ ኬክም ከአለቃ ወደ ሠራተኛ፣ ከሠራተኛ ወደ አማት፣ ከአማት ወደ ውጭ አገር ተማሪ ይጓዛል። ልጁ የሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ነው ያለው፤ ክፍሉ የሞላውም ለዚህ ነው።

ቻይኖች ራሳቸው በዚህ ይስቃሉ። የክፍል ጓደኛው የነገረን ቀልድ እንዲህ ነው። ፋብሪካው የመቶ ዩዋን የኬክ ኩፖን አትሞ ለነጋዴ በቅናሽ ይሸጣል። ነጋዴው ለመሥሪያ ቤት፣ መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛ፣ ሠራተኛው ኬክ አልፈልግም ብሎ መንገድ ላይ ለቆመ ደላላ። ደላላው ኩፖኑን መልሶ ለፋብሪካው ይሸጣል። ሁሉም አትርፏል፣ ኬክ ግን አልተጋገረም።

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ባለሥልጣናት በመንግሥት ገንዘብ የጨረቃ ኬክ ገዝተው እንዳይሰጣጡ ተከለከሉ፤ ካርቶኑ የጉቦ መጠቅለያ ሆኖ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከ500 ዩዋን በላይ በሚሸጡት ላይ ቁጥጥሩ ጠበቀ። እ.ኤ.አ. በ2016 አሊባባ በሚባለው የኢንተርኔት ንግድ ኩባንያ ውስጥ ጥቂት የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ለሠራተኛ የቀረበውን ኬክ ፕሮግራም ጽፈው ያለ ወረፋ ለመውሰድ ሲሞክሩ ከሥራ ተባረሩ። ማንም የማይበላው ኬክ እንጀራ አሳጣ ማለት ነው።

የበዓሉ ዕለት አርብ ዋለ። አስኳል ያለበትን ነገር ልበላ አልችልም። ልጁ የካርቶኖቹን ጀርባ እያገላበጠ ሲያነብ ቆየና አንዱን አነሳ፤ ባለ አምስት ፍሬው፣ በአትክልት ዘይት የተሠራ። ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ፣ የመሳሰለው ሁሉ ተደባልቆ በስኳር የተያዘ ነው። ይኼ ዓይነቱ በቻይና ኢንተርኔት ላይ ዓመት በዓመት የሚሰደብ ኬክ ነው። ከኬክ ማኅበር ይባረር የሚል ዘመቻ ሁሉ ተከፍቶበታል። እኔ ግን ወደድኩት። ጾመኛ መሆኔ ሲሰማ የሕንፃው ነዋሪዎች እነሱ የማይፈልጉትን ባለ አምስት ፍሬ ሁሉ እያመጡ በር ላይ ያኖሩልኝ ጀመር። እንዲህ የተከበርኩበት ጾም የለም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዩዌታን ሄድን፤ የጨረቃ መሠዊያ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1530 የተሠራ ሲሆን የሚንግና የቺንግ ሥርወ መንግሥታት ነገሥታት በመጸው፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ ለጨረቃ የሚሠዉበት ቦታ ነበር። ዛሬ መናፈሻ ነው። ንጉሡ በሥርዓት ይራመድበት በነበረው ግቢ ጡረተኞች ካርታ ይጫወታሉ፣ ሴቶች በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ከፍተው ይጨፍራሉ። አንዷ እናት እጄን ይዘው ከመስመራቸው አስገቡኝ። እስክስታ ልሞክር ብዬ ትከሻዬን ብነቀንቅ ሁሉም ቆመው አዩኝ፤ ከዚያ ሙዚቃውን ከመጀመሪያው አስጀመሩት።

ማታ ጨረቃዋ ድንቡል ቦቃ ብላ ወጣች። የልጁ ጓደኞች ጨረቃ ላይ ትኖራለች ስለሚሏት ስለ ቻንግኧ ተከራከሩ። ባሏ፣ ቀስተኛው ሆው ዪ፣ ከአሥሩ ፀሐዮች ዘጠኙን ወግቶ የጣለ ጀግና ነው፤ ለዚህም የማይሞቱበት መድኃኒት ተሰጠው። እሷ ጠጣችውና ተንሳፍፋ ጨረቃ ላይ ገባች። ሴቶቹ «ሌባ እንዳይወስደው ብላ ነው የጠጣችው» ይላሉ። ወንዶቹ «ሌባዋ ራሷ ናት» ይላሉ። እዚያ ያላት ጎረቤት መድኃኒት የምትወቅጥ ጥንቸልና ዛፍ የሚቆርጥ አንድ የተቀጣ ሰው ብቻ ነው። ዛፉ በተመታ ቁጥር ይድናል፤ ሥራው አያልቅም። ጥንቸሏ አንድ ጊዜ ቤጂንግን ከወረርሽኝ ልታድን እንደወረደች ስለሚነገር፣ በየሱቁ የሸክላ ምስሏ ይሸጣል፤ ጆሮዋ ቀጥ ያለ፣ የወርቅ ጥሩር የለበሰች፣ ጀርባዋ ላይ ባንዲራ የተከለች፣ ነብር ላይ የተቀመጠች። ፊቷ ላይ ያለው ኩራት የጦር አዛዥ ያሳፍራል።

አሜሪካኖቹም አልቀሩም። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ባረፈበት ዕለት ከሂውስተን ለጠፈርተኞቹ ዜና ሲነበብላቸው፣ ጥንቸል ያላትን ቆንጆ ፈልጓት ተባሉ፤ ከመካከላቸውም አንዱ እንጠብቃታለን ብሎ መለሰ። ቻይና በኋላ የጨረቃ መንኮራኩሮቿን በስሟ ጠራች። ቻንግኧ 4 እ.ኤ.አ. በ2019 በማይታየው የጨረቃ ገጽ ላይ በማረፍ የመጀመሪያዋ ሆነች፣ በላይዋ የጫነችውም ተሽከርካሪ ዩቱ፣ ማለትም የጥንቸሏን ስም ይዟል። ስለዚህ አሁን በእርግጥ ጥንቸል አለች።

ቅዳሜ ታላቁ ግንብ ሄድን። ባለ አስኳሉን ኬክ ለቁርስ በልቼ ነበር፤ ጨዋማነቱ ከጣፋጩ ጋር ሲገናኝ ምን እንደምል አላውቅም፣ ሁለተኛ ግን አልቆረስኩም። ባዳሊንግ የሚባለው ታዋቂው ክፍል በቀን እስከ 65,000 ሰው ስለሚያስገባ፣ በበዓል ሰሞን ግንቡን ሳይሆን የሰው ማጅራት አይቶ መመለስ ነው። ስለዚህ ሌላውን ክፍል፣ ሙትያንዩን መረጥን። ከከተማው ወደ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 23 የጥበቃ ማማ ተራራውን ይዞ ይወጣል፣ ይወርዳል። የሚንግ ግንበኞች ለማያያዣው ኖራ የሩዝ ሙቅ ይቀላቅሉ ነበር፤ በብዙ መቶ ዓመታት ዝናብ ያልለቀቀው ለዚህ ነው። ከጨረቃ ይታያል የሚባለውን ግን እርሱት። የቻይና የመጀመሪያው ጠፈርተኛ ያንግ ሊዌ እ.ኤ.አ. በ2003 ከምድር ምሕዋር እንኳ አላየሁትም ብሎ ሕዝቡን አሳዘነ።

በተንጠልጣይ ወንበር ወጣን። ሽቅብ ቁልቁል ያለውን ደረጃ ተራምደን እግራችን ሲንቀጠቀጥ መውረጃው ደረሰ። መውረጃው ሸርተቴ ነው! በብረት ቦይ ውስጥ፣ በትንሽ ጋሪ ላይ ተቀምጦ፣ አንዲት ዘንግ ወደፊት ሲገፏት መፍጠን፣ ወደኋላ ሲስቧት መቆም። ጠላትን ለመመከት ከተሠራ ግንብ ላይ በዚህ ሁኔታ ይወረዳል። ሚሼል ኦባማም እ.ኤ.አ. በ2014 ወርደውበታል። ከፊቴ ያሉት አዛውንት ፍሬኑን ሙጭጭ ብለው ይዘው በኤሊ ፍጥነት ይወርዳሉ፤ ከኋላዬ የአክስቴ ልጅ «እትዬ፣ ንጂው!» እያለ ይጮሃል፤ በየመታጠፊያው የቆመው ሠራተኛ ደግሞ «ቀስ! ቀስ!»

ከታች የሜዳሊያ ሻጮች ይጠብቃሉ። ማኦ እ.ኤ.አ. በ1935 ግንቡ ያልደረሰ ጀግና አይባልም የሚል ስንኝ ስለጻፈ፣ ስም ተቀርጾበት የሚሰጥ የጀግና ሜዳሊያ ገበያው ደርቷል። ሴትዮዋ መቶ ዩዋን ብላ ጀመረች።

«ለእማዬ እናስቀርጽላት» አለ ልጁ።

«እናትህ መች ግንቡን ወጥታ ታውቃለች?»

«አንቺስ? በወንበር አይደል የወጣሽው?»

በሃያ ዩዋን ተስማማን፤ የአክስቴም ስም ተቀረጸ።