ያለ ወለድ ትርፍ፦ የሙራባሃ ፋይል እንዴት እንደምሠራ

ከወለድ ነፃ ባንክ ትርፍ የሚገባው ለደንበኛው የሚሸጠው ዕቃ የእሱ ሆኖ በቆየባት ጊዜ ነው። ያቺ ጊዜ ሁለት ሰዓት ልትሆን ትችላለች፣ ሁለት ሳምንትም። በወረቀት ላይ ብቻ ካለች ወይም ጨርሶ ከሌለች ግን፣ የተሠራው ሥራ ስሙ ምንም ይባል ብርን በብር ማበደር ነው፤ ትርፉም አራጣ ነው። የሙራባሃ፣ ማለትም ባንኩ ዕቃ ገዝቶ ወጪውንና ትርፉን ለደንበኛው ነግሮ መልሶ የሚሸጥበትን ውል፣ ፋይል ስሠራ ዋናው ድካሜ ያቺን ጊዜ እውነተኛ ማድረግ ላይ ነው። የቀረው፣ የገቢ ምርመራው፣ የመያዣ ግምቱ፣ የኮሚቴ ውሳኔው፣ በየትኛውም ባንክ ያለ ሥራ ነው።

መነሻው ግልጽ ነው። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ 275ኛው አንቀጽ ንግድን ፈቅዶ አራጣን ይከለክላል፤ በሐዲስም ሰው እጁ ላይ የሌለውን ዕቃ እንዳይሸጥ ተነግሯል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ ባንኩ ማትረፍ ይችላል፣ ግን መጀመሪያ ገዝቶ የራሱ ማድረግ አለበት ማለት ነው። በአገራችን በሩን የከፈተው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 ነው። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ነባር ባንኮች አገልግሎቱን በመስኮት ደረጃ (ከመደበኛው ሥራቸው ጎን በተለየ ክፍል) እንዲሰጡ ፈቀደ፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ማቋቋም የተቻለው ግን ከ2019ኙ መመሪያ ወዲህ ነው። የመጀመሪያው፣ ዘምዘም ባንክ፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

አንድ ዳቦ ጋጋሪ ምድጃ ፈልጎ መጣ እንበል። ቫትን ጨምሮ ዋጋው 1,000,000 ብር ነው፤ ማጓጓዣና መትከያ 20,000። ባንኩ የሚያወጣው 1,020,000 ብር መሆኑ ለደንበኛው ይነገረዋል። ሙራባሃ የአደራ ሽያጭ ስለሆነ ወጪን መደበቅ ውሉን ያበላሸዋል። ሻጩ ለባንኩ 30,000 ብር ቅናሽ ቢያደርግ ቅናሹ ወደ ባንኩ ኪስ አይገባም፤ ከወጪው ላይ ይቀነሳል። ባንኩ 128,000 ብር ትርፍ ጨምሮ መሸጫውን 1,148,000 ያደርጋል። ደንበኛው 320,000 በቅድሚያ ይከፍላል፣ ቀሪውን 828,000 በ24 ወር፣ በወር 34,500 ብር። ውሉ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀስ ቁጥር የለም።

ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ቅድሚያ ክፍያው ሲቀነስ ባንኩ ከኪሱ ባወጣው 700,000 ብር ላይ ስሌት ሠርቶ "ይሄማ በዓመት ወደ 16.7 በመቶ ይመጣል፣ ያው ወለድ ነው" ይላል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ባንኩም ትርፉን ሲተምን የገበያውን ዋጋ እንደሚያይ አልደብቅም። አንድ ነጋዴ ስንት ማትረፍ እንዳለበት ሲያስብ ጎረቤቱ ስንት እንደሚያተርፍ ማየቱ ንግዱን አራጣ አያደርገውም። ልዩነቱ ያለው ቁጥሩ ውስጥ ሳይሆን ከቁጥሩ በፊትና በኋላ ነው። ከሽያጩ በፊት ምድጃው መንገድ ላይ ቢገለበጥ የከሰረው ባንኩ ነው። ከሽያጩ በኋላ ደግሞ ደንበኛው ስድስት ወር ቢዘገይ ዋጋው አንድ ሳንቲም አይጨምርም። አበዳሪ ባንክ ሁለቱንም አይሸከምም።

ፋይሉን የምጀምረው ከፕሮፎርማው ነው። የምርት ስሙን፣ ሞዴሉን፣ የተሠራበትን አገር፣ ኪሎዋቱን፣ ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸና አያለሁ። በተለይ የኤሌክትሪኩን ነገር አልዘልም፦ ስሪ ፌዝ የሚፈልግ ምድጃ ሲንግል ፌዝ ብቻ ላለው ቤት ከተገዛ ችግሩ የሚገለጠው ሲተከል ነው፣ ያኔ ደግሞ ውሉ ተፈርሟል። ቀጥሎ "ለሻጩ የሰጠኸው ቀብድ አለ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ይህ ጥያቄ ብዙ ፋይል ይጥላል። ደንበኛው ቀብድ ከፍሎ ከሻጩ ጋር ከተዋዋለ ግዢው በእነሱ መካከል አልቋል፤ ባንኩ የሌላውን ሰው ዕቃ ለራሱ ለባለቤቱ ሊሸጥለት አይችልም። መፍትሔው የመጀመሪያው ውል በጽሑፍ ፈርሶ፣ ቀብዱ በማስረጃ ተመልሶ፣ ፕሮፎርማው እንደ አዲስ በባንኩ ስም እንዲወጣ ማድረግ ነው። "ቀብዱ ይታሰብልኝ" የሚለው ልመና ቀላል ይመስላል፤ ግን አይቻልም።

ሁለተኛው ምርመራ ሻጩ ላይ ነው። ንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፣ ድርጅት ከሆነ ባለ አክሲዮኖቹን አያለሁ። ሻጩ ራሱ ደንበኛው ከሆነ፣ ወይም ድርጅቱ የእሱ ከሆነ፣ ዕቃው ከአንድ እጅ ወጥቶ ወደዚያው እጅ ይመለሳል፤ የሚቀረው ጥሬ ብር ከነጭማሪው ነው። ይህ ዒና ይባላል፤ ከሁሉም የሽፋን ዘዴዎች የተለመደው እሱ ነው። ደመወዝ ለመክፈል ወይም ግብር ለመዝጋት ብር የቸገረው ነጋዴ የወዳጁን ሱቅ ደረሰኝ ይዞ የሚመጣውም በዚሁ መንገድ ነው። እዚህ ላይ ሰውዬውን መገፍተር ሳይሆን እውነቱን መንገር ይሻላል፦ ሙራባሃ ለደመወዝ አይሆንም፤ ጥሬ ዕቃ የሚገዛ ከሆነ ግን ጥሬ ዕቃውን በሙራባሃ ወስዶ በእጁ ያለውን ብር ለደመወዝ ማዋል ይችላል።

ከዚያ ደንበኛው ዕቃውን ለመግዛት ቃል ይገባል። ይህ ገና ሽያጭ አይደለም። ለቃሉ ማጽኛ የሚያስይዘው ገንዘብም አደራ ነው፤ ቃሉን ቢያጥፍ ባንኩ ዕቃውን ለሌላ ሲሸጥ የደረሰበትን ትክክለኛ ኪሳራ ብቻ ይቆርጣል። 100,000 ብር አስይዞ ባንኩ የከሰረው 40,000 ከሆነ 60,000ው ይመለስለታል።

ባንኩ ሲገዛ ክፍያው በሲፒኦ ወይም በሒሳብ ዝውውር በቀጥታ ለሻጩ ይሄዳል። በደንበኛው እጅ ጥሬ ብር አይገባም፤ "እኔ ስለምቀርብ ልክፈለው" ቢልም አይገባም። ከዚያ ርክክብ አለ። እዚህ ላይ ዕቃው ባለበት መጋዘን ሄዶ ማየት እመርጣለሁ። ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ፕሌት አንብቤ መለያ ቁጥሩን ከደረሰኙ ጋር አመሳክራለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ የርክክብ ሰነዱ ላይ ከቀኑ ጋር ሰዓቱንም አስጽፋለሁ። ሰዓት ያስፈለገበት ምክንያት ግዢና ሽያጩ በአንድ ቀን ሊያልቁ ስለሚችሉ ነው፤ ቀን ብቻ ከተጻፈ የትኛው እንደቀደመ ከወረቀቱ አይታወቅም። የሽያጩ ውል የሚፈረመው ከዚህ በኋላ ነው።

በጥድፊያ የሚበላሸው ይህ ቅደም ተከተል ነው። ደንበኛው ከሩቅ ከመጣ "ሁለተኛ እንዳይመላለስ" ተብሎ የቃል ኪዳኑም፣ የውክልናውም፣ የሽያጭ ውሉም ቅጽ በአንድ ቁጭታ ይፈረማል፤ ቀኑ ባዶ ተትቶ በኋላ ይሞላል። ደግነት ይመስላል። ግን በፈረመበት ሰዓት ባንኩ የሚሸጠው ምንም ነገር አልነበረውም።

ውክልናም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባንኩ ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ሲያጣ ደንበኛውን ራሱን ወክሎ ያስገዛል። ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ተወካዩ የገዛው ለባንኩ ነው፣ እስኪሸጥለት ድረስም ሊጠቀምበት አይችልም። ሲሚንቶን እንውሰድ። ተቋራጩ በባንኩ ውክልና 800 ኩንታል ተረክቦ ሳይቱ ላይ ያራግፋል፤ ሠራተኞቹ በማግስቱ ኮለን መሙላት ይጀምራሉ። የሽያጩ ውል በሳምንቱ ሲፈረም 300 ኩንታሉ ኮንክሪት ሆኗል። የሌለ ዕቃ አይሸጥም፤ በተሞላው ላይ ባንኩ ወጪውን እንጂ ትርፍ ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ ቶሎ የሚያልቅ ዕቃ ሲሆን፣ ሲሚንቶ፣ ጤፍ፣ የከብት መኖ፣ ዕቃው ከመራገፉ በፊት የደንበኛው "ተረከብኩ፣ ልግዛ" እና የባንኩ "ሸጥኩ" በጽሑፍ እንዲለዋወጡ አደርጋለሁ። መኪናው በር ላይ ቆሞ ግማሽ ሰዓት መጠበቁ ርካሽ ነው።

በሸሪዓ ኦዲት ቅደም ተከተሉ የተዛባ ፋይል ከተገኘ ትርፉ ከባንኩ ገቢ ወጥቶ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል። በምሳሌያችን 128,000 ብር ማለት ነው፤ የሁለት ዓመት ሥራ በአንድ ባዶ ቀን።

ክፍያ ሲዘገይ ምን ይሆናል? በእርግጥ የቸገረውን ሰው መታገሥ ግዴታ ነው፣ የበቀራ 280ኛው አንቀጽ ያዘዋል። ጊዜ ይራዘማል፣ ዋጋ አይጨምርም። አቅም እያለው ለሚያዘገይ ደንበኛ አስቀድሞ በውሉ የተስማማበት መዋጮ አለ፤ እሱም ለበጎ አድራጎት ሒሳብ እንጂ ለባንኩ ገቢ አይሆንም። ባንኩ የሚያስመልሰው የደብዳቤና የክስ ትክክለኛ ወጪውን ብቻ ነው። ይህ ባንኩን ይጎዳል፣ በተለይ የብር ዋጋ ሲወርድ። ስለዚህ ጥንቃቄው ከፊርማ በፊት መሆን አለበት። ወርሃዊ ክፍያውን የምተምነው በጥሩው ወር ገቢ ሳይሆን በደካማው ወር ነው፤ ለዳቦ ቤት ጾምና ረመዳንን፣ ለግንባታ ክረምቱን አይቼ። ቀድሞ ለሚከፍል ደንበኛ ባንኩ ከትርፉ ሊቀንስለት ይችላል፤ ቅናሹ ግን በውሉ ውስጥ ከተጻፈ አንድ ሽያጭ ሁለት ዋጋ ይኖረዋልና አይጻፍም።

ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ ሌላ ፈተና አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ኤልሲ (ባንኩ ለውጭው ሻጭ ክፍያ የሚያረጋግጥበት ሰነድ) በተከፈተበትና ዕቃው በደረሰበት ቀን መካከል የብር ዋጋ ብዙ ሊለወጥ ይችላል። ሽያጩ እስኪፈረም ድረስ ወጪው በታወቀ ቁጥር መሸጫው ይስተካከላል፣ ምክንያቱም እስካሁን ያለው ቃል ብቻ ነው። ከተፈረመ በኋላ ግን "ምንዛሪው ጨምሯል" ብሎ መመለስ የለም። ሽያጩን የጉምሩክ ወጪው ከታወቀ በኋላ መፈረም የሚሻለው ለዚህ ነው። ለደንበኛውም ይህን ገና ቃል ሲገባ መንገር ይገባል፤ አለበለዚያ ዋጋው ሲስተካከል እንደተታለለ ይቆጥረዋል።

ሌሎቹ መንገዶች በዚሁ መርህ ይሄዳሉ። በኢጃራ ባንኩ ተሽከርካሪውን ገዝቶ ያከራያል፤ ትልቁ ጥገናና መድኑ የባለቤቱ ነው፣ ንብረቱ ቢጠፋ ኪራይም ይቆማል። በሙሻረካ፣ ማለትም ባንኩና ደንበኛው ገንዘብ አዋጥተው በሽርክና ሲሠሩ፣ ትርፍ በስምምነት፣ ኪሳራ ግን በመዋጮ ልክ ይከፈላል። የዋስትና ደብዳቤ ሲሰጥ ለዋስትናው ራሱ ዋጋ አይጠየቅም፤ የሥራ ማስኬጃ ወጪ ብቻ። ለገበሬ የሚሆነው ሰለም ነው፤ በአገራችን ከሚገባው በታች የተሠራበት ይመስለኛል። ባንኩ 500 ኩንታል ስንዴ ዛሬ ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ በጥር ይረከባል። ደረጃው፣ መጠኑ፣ ቀኑ፣ የመረከቢያ ቦታው ይጻፋል። "ከዚህ ማሳ የሚወጣ" ተብሎ ግን አይጻፍም፤ ማሳው ላያፈራ ይችላልና ውሉን ያፈርሰዋል። ባንኩ ስንዴውን ለዱቄት ፋብሪካ ቀድሞ መሸጥ ቢፈልግም በሌላ ራሱን በቻለ ውል ነው፤ የገበሬው መዘግየት ለፋብሪካው ምክንያት አይሆንም።

ይህ ሁሉ ትርፍ ሲሰበሰብ የሚከፋፈለው ለባንኩ ብቻ አይደለም። በቀርድ (ያለ ትርፍ በሚሰጥ ብድር) ወይም በዋዲያ (በአደራ) የተቀመጠ ብር ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ ትርፍ የለውም። በሙዳራባ ያስቀመጠ ሰው ግን የሥራው ባለ ካፒታል ነው። ሒሳብ ሲከፍት የሚነገረው መቶኛ ከተቀመጠው ብር ሳይሆን ከሚገኘው ትርፍ ነው። ድርሻው 60 ለአስቀማጭ፣ 40 ለባንክ ቢሆን፣ ከ100,000,000 ብር የጋራ ገንዘብ በወሩ 1,000,000 ትርፍ ከተገኘ 600,000ው የአስቀማጮች ነው፤ በወሩ አማካይ ቀሪ ሒሳቡ 50,000 የሆነ ሰው 300 ብር ይደርሰዋል። በሚቀጥለው ወር ትርፉ ግማሽ ከሆነ 150 ይደርሰዋል፣ ካልተገኘ ምንም። ኪሳራ ከመጣና ባንኩ ካላጠፋ ኪሳራው የባለ ካፒታሉ ነው፤ ባንኩ ድካሙ በከንቱ ይቀርበታል። ብሩን ለሕክምና ወይም ለልጅ ትምህርት ክፍያ ያስቀመጠ ሰው መስኮቱ ጋ ሲመጣ "ትርፍ ያለውን ስጠኝ" ቢልም፣ ይህን አስረድቼው ወደ ዋዲያ የምመራው ለዚህ ነው።