በማኒቶባ አሸዋማ ኮረብቶች ላይ የፋሲካ አበባን ፍለጋ

በኤፕሪል መጨረሻ የካናዳዋ ማኒቶባ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ከሆነችው ከዊኒፔግ ተነሥቶ በትራንስ ካናዳ አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው በመኪናው መስኮት የሚያየው ነገር እምብዛም ዓይን አይስብም። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ያለፈው ዓመት ሣር ገርጥቶ ተኝቷል፤ በቦይ ዳርና በዛፍ ጥላ ሥር የቀረው በረዶ ቆሽሿል፤ ቡቃያ የሚባል ነገር ገና የለም። በዚህ ወቅት አበባ ለማየት እንደምሄድ የነገርኳቸው ሰዎች ቢያንስ አንድ ወር እንድታገሥ መክረውኝ ነበር። አንድ ወር ብታገሥ ኖሮ ግን የሄድኩበትን ነገር አላገኘውም ነበር፤ ምክንያቱም የዕፅዋት ሊቃውንት ፑልሳቲላ ፓተንስ የሚሉት የዱር የፋሲካ አበባ፣ በዙሪያው ያለው ሣር ከእንቅልፉ ሳይነቃ አብቦ የሚጨርስ ተክል ነው።

የማኒቶባ ሰዎች ፕሬሪ ክሮከስ ይሉታል፤ ክሮከስ ከሚባለው ከእውነተኛው የጸደይ አበባ ጋር ግን ዝምድና የለውም። እ.ኤ.አ. በ1906 የክፍለ ሀገሩ መለያ አበባ ሆኖ ተመርጧል፤ ከድንበሩ ማዶ ያለው የደቡብ ዳኮታ ግዛት ደግሞ ቀደም ብሎ በ1903 መርጦታል። ተክሉ ከእነዚህ ሜዳዎች ተነሥቶ በሰሜን እስከ ዩኮንና አላስካ ይደርሳል፤ ከውቅያኖሱ ወዲያም በሳይቤሪያ በኩል አልፎ እስከ ፊንላንድ ድረስ ይገኛል።

ካርቤሪ ከምትባለው አነስተኛ ከተማ አጠገብ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ የመሬቱ መልክ ይለወጣል። ለጥ ያለው እርሻ ያበቃና ዝቅ ከፍ የሚሉ ኮረብቶች፣ ጥቁር አረንጓዴ የስፕሩስ ዛፎችና መሬት ለመሬት የሚንፏቀቅ ጥድ ይተካሉ። ይህ የስፕሩስ ዉድስ ፓርክ ነው። በበረዶው ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ከሚቀልጠው ግግር የሚወርደው ወንዝ አጋሲዝ ወደሚባለው ግዙፍ ሐይቅ ሲገባ የተሸከመውን አሸዋ እዚህ አራግፎታል፤ ሐይቁ ሲደርቅ ነፋስ አሸዋውን እያንከባለለ ኮረብታ አደረገው። ዛሬ አብዛኛው በሣርና በዛፍ ተሸፍኗል፤ ራቁቱን የቀረው ስፒሪት ሳንድስ የሚባለው ክፍል ብቻ ነው። ጎብኚው የሚጎርፈው ወደዚያ ነው። እኔ ግን ራቁቱን አሸዋ ለሌሎች ትቼ፣ ስስ ሣር ያለባቸውንና ፊታቸውን ወደ ደቡብ ያዞሩትን ተዳፋቶች መረጥኩ።

ሌሊቱን ውርጭ ስለነበር ጠዋት ላይ የደረስኩበት ተዳፋት ባዶ ይመስል ነበር። እምቡጦቹ የደረቀውን ሣር ተጠግተው ስለተከደኑ፣ ግራጫ ጸጉራቸውም ከሣሩ ቀለም ጋር ስለሚመሳሰል፣ ረግጦ ማለፍ ቀላል ነው። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ግን፣ ረፋዱ ላይ፣ አንዱ ከሌላው እየተከታተለ ይከፈት ጀመር፤ ባዶ ነው ያልኩት ቦታ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፈዛዛ ሐምራዊ ሆነ።

አበባውን በደንብ ለማየት በሆድ መተኛት ግድ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቁመቱ ከጣት እምብዛም አይበልጥምና። ከአጭሩ ግንድ እስከ አበባው ጀርባ ድረስ ሁለመናው ረጃጅም፣ ነጭና ለስላሳ ጸጉር ለብሷል። የፀሐይ ብርሃን ከጀርባው ሲመጣ ይህ ጸጉር በአበባው ዙሪያ የብርሃን ጠርዝ ይሠራል፤ ሥራው ግን ውበት ብቻ አይደለም፤ ሞቅ ያለ አየር አጠገቡ አፍኖ ይይዝለታል። ብዙውን ጊዜ ስድስት የሚሆኑት ሐምራዊ ቅጠሎች፣ በሌሎች አበቦች ዘንድ አረንጓዴ ሆኖ እምቡጡን የሚሸፍነው ክፍል ናቸው እንጂ ሌላው ተክል ያለው ዓይነት የአበባ ቅጠል አይደሉም። በመካከላቸው ደማቅ ቢጫ የሆኑ ብዙ ዘንጎች ተጨናንቀው ቆመዋል፤ እነርሱ የሚሰጡት ብናኝ በዚያ ወቅት ለንቦች ከሚገኙት ጥቂት ምግቦች አንዱ ነው። የአበባው አፍ ፀሐይዋን ተከትሎ ይዞራል፤ ሰፋ ያለው ቅርጹ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ስለሚሰበስብ መካከሉ ከውጪው አየር የሞቀ ነው። አንዲት ጸጉራም ትልቅ የዱር ንብ ገብታ፣ ብናኙን ከመሰብሰብ ይልቅ ዝም ብላ የምትሞቅ እስክትመስል ድረስ ቆየችበት። ደመና ሲመጣ ሁሉም መልሰው ተከደኑ፤ እኔም የያዝኩትን ዳቦ ለመብላት ጊዜ አገኘሁ።

ይህ ሁሉ ፍጥነት ባለፈው ዓመት የተዘጋጀ ነው። ተክሉ የሚቀጥለውን ዓመት እምቡጥ መጸው ላይ ከመሬት ደረጃ ሠርቶ ይከርማል፤ ስንቁም ወደ ታች በጥልቀት በሚወርደው ወፍራም ዋና ሥሩ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ በረዶው ሲለቅቅ ቅጠል ማብቀል ሳያስፈልገው ቀጥታ ያብባል፤ የተበጣጠሱት ቅጠሎቹ የሚወጡት በኋላ ነው። ሊቋቋመው የማይችለው ጥላን ነው። ቀድሞ ጎሾችና ሰደድ እሳት ሣሩን እያሳጠሩ ብርሃን ይሰጡት ነበር፤ ሁለቱም በቀሩበት ቦታ የሞተ ሣር ይከመራል፣ ቁጥቋጦ ይገባል፣ የፋሲካ አበባውም ቀስ በቀስ ይጠፋል። ማረሻ የነካውን መሬት ደግሞ በቀላሉ አይመለስበትም። በእኔ አስተያየት፣ አጥር አጥሮ መሬቱን መተው ብቻውን ለዚህ ተክል ጥበቃ አይባልም።

መቅጠፍ በፓርኩ ክልክል ነው፤ ባይከለከልም የሚያዋጣ አይደለም። ትኩስ ጭማቂው መርዛማ ከመሆኑም በላይ ቆዳን ሊያቃጥልና ውኃ ሊያስቋጥር ይችላል።

ከፓርኩ ስመለስ፣ ይህን አበባ በግቢያቸው የሚያሳድጉ አንዲት አዛውንት ቤት ጎራ አልኩ። ያስጎበኙኝ መደብ ከግቢው ሁሉ የተጎሳቆለ የሚመስለው ነበር፤ አሸዋና ጠጠር ከፍ ተደርጎ ተከምሯል፣ ፍግ የሚባል አልነካውም፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ይመታዋል። በላዩ ግን የዱሮቹን ያህል ጤነኛ የሆኑ ተክሎች አብበውበታል። «ብርዱ አንድም ቀን ገድሎብኝ አያውቅም፤ የሚገድልብኝ በረዶው ሲቀልጥ ሥሩ ላይ የሚተኛው ውኃ ነው» አሉኝ። አትክልተኛ የሚያውቀውን ደግነት ሁሉ፣ ማዳበሪያውንም ዘወትር ማጠጣቱንም፣ መተው እንደነበረባቸው በዝርዝር ነገሩኝ። ከዱር ነቅሎ ማምጣትን በተመለከተ ንግግራቸው ቆጣ ያለ ነበር፤ ዋናው ሥር ሲበጠስ ተክሉ እንደማይተርፍ፣ ነቃዩም ከሜዳውም ከግቢውም እንደሚያጣው አስረዱኝ።

ብዙ የችግኝ መሸጫዎች የሚሸጡት ፑልሳቲላ ቩልጋሪስ የተባለውን የአውሮጳ ዘመዱን ነው። እርሱም ብርድ ይችላል፣ ለአያያዝም ይቀላል፤ ቀለሙ ጠቆር ያለ ነው፣ ቀይና ነጭ የሆኑ ዝርያዎችም ወጥተውለታል። ለጀማሪ የሚመከረው እርሱ ይመስለኛል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ካየሁ በኋላ ግን ልቤ ወደ ፈዛዛው የዱር አበባ አደላ።

የዱሩን የሚሻ ሰው መንገዱ ዘር ነው። አበባው ከረገፈ በኋላ ግንዱ ይመዘዝና በጫፉ ላባ መሰል ጭራ ያላቸው ዘሮች ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ይህ ጭራ ከነፋስ ጋር ከመብረር ሌላም ተግባር አለው፤ ሲረጥብና ሲደርቅ እየተጠማዘዘ ሹሉን ዘር ወደ አፈር ይሰረስረዋል። ሴትዮዋ በጁን ወር ዘሩ በእጅ ሲነካ በቀላሉ የሚለቅቅ ሲሆን ሰብስበው ሳያውሉ ሳያሳድሩ አሸዋ በበዛበት አፈር ይዘሩታል፤ ትኩስ ዘር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይበቅላል፣ የከረመው ግን ያስቸግራል። ዋናው ሥር እንዳይታጠፍ ጥልቅ ዕቃ ይጠቀማሉ፤ ችግኙ ገና ትንሽ ሳለም ወደማይነሣበት ቦታው ያዛውሩታል። በዚያን ዕለት ያሳዩኝ ያለፈው ዓመት ችግኞች ጥቂት ጸጉራም ቅጠል ብቻ ነበራቸው። አበባ ለማየት አንድ ወይም ሁለት ዓመት እንደሚቀራቸው ነግረውኝ፣ ዘር ለመውሰድ ከፈለግሁ በጁን አጋማሽ ደውዬ እንድመጣ ቀጠሩኝ።